ፕሮፌሽናል ሚረርለስ ካሜራ ወይስ የኪስ ካሜራ? በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ፎቶ ለሚያነሱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ነው። ለጥያቄው ትክክለኛ መልስ የሚገኘው ግን ፎቶ የሚነሣው ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነና በቦታው ምን ያህል ብርሃን እንዳለ ሲታወቅ ብቻ ነው። ጣና ላይ እነዚህ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን ውስጥ እጅግ ይለዋወጣሉ፤ ጠዋት በሐይቁ ላይ ከሩቅ የሚበር ወፍ፣ ረፋድ ላይ በገዳም ውስጥ ደብዘዝ ባለ ብርሃን የሚታይ የግድግዳ ሥዕል፣ ቀትር ላይ በጠራራ ፀሐይ ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አስጋሪ ያጋጥማል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ይህንን ታሳቢ በማድረግ ነው።

ሁለቱ ካሜራዎች በመሠረቱ በምን ይለያያሉ?

ዲኤስኤልአር በሚባሉት ቀደም ያሉ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃንን ወደ ዓይን መመልከቻው የሚያንጸባርቀው መስታወት በሚረርለስ ካሜራ ውስጥ የለም። ብርሃኑ በሌንሱ አልፎ በቀጥታ ወደ ምስል የሚቀይረው ሴንሰር ላይ ያርፋል፤ ፎቶ አንሺውም በመመልከቻው ውስጥ የሚያየው ሴንሰሩ የተቀበለውን ምስል በትንሽ ስክሪን ነው። በዚህ አሠራር ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ በስፋት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 በፓናሶኒክ ሉሚክስ ጂ1 ሲሆን፣ በ2013 ደግሞ የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7 ትልቁን፣ ሙሉ ፍሬም የሚባለውን ሴንሰር ወደዚህ ቤተሰብ አመጣ። ዛሬ የሙያው ዋና መሣሪያ ሚረርለስ ነው።

የኪስ ካሜራም መስታወት የለውም፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከመስታወቱ ጋር የተያያዘ አይደለም። ልዩነቱ የኪሱ ካሜራ ሌንስ ከአካሉ ጋር ተዋህዶ የተሠራና የማይቀየር መሆኑ፣ ሴንሰሩም በአብዛኛው አነስተኛ መሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ክብደቱ፣ ፍጥነቱና ዋጋው፣ በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጭ ነው።

የሴንሰር ስፋት በእርግጥ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ነገር ግን ሌንሱ ካልታየበት ስሌቱ ያሳስታል። የሙሉ ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በጥሩ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ የተለመደው «ባለ አንድ ኢንች» የሚባለው ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከ7 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በተመሳሳይ የሌንስ ቀዳዳና በተመሳሳይ የሹተር ፍጥነት (ሹተር ለብርሃኑ የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል ነው) ትልቁ ሴንሰር በጠቅላላው ያንኑ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል፤ በጨለማ ውስጥ የሚነሣ ፎቶ ላይ የሚታየው የነጠብጣብ ብዛት የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሌንሱን እንጨምርበት። የአንድ ኢንች ሴንሰር ያለው የኪስ ካሜራ ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢኖረው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፣ በብርሃን አሰባሰብም ሆነ ከጀርባ ያለውን ነገር በማደብዘዝ ከሙሉ ፍሬም ካሜራ ኤፍ 4.9 አካባቢ ጋር ይመጣጠናል። እንግዲህ ገዢው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ከገዛ በኋላ ገንዘቡ አልቆበት ኤፍ 4 ዙም ቢያደርግበት፣ ከኪሱ ካሜራ የሚበልጠው ከግማሽ ስቶፕ ብዙም ባልራቀ መጠን ነው (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)። ሪኮ ጂአር 3 የሚባለው የኪስ ካሜራ ደግሞ ኤፒኤስ ሲ የሚባለውን፣ ከአንድ ኢንቹ በሦስት እጥፍ የሚሰፋ ሴንሰር ይዞ ባትሪውና ካርዱ ተጨምሮ 257 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ኤፍ 2.8 የሆነው ሌንሱ በሙሉ ፍሬም ሲመነዘር ኤፍ 4.2 አካባቢ ይሆናል። ይህ ማለት በሸሚዝ ኪስ የሚገባ ካሜራ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ዕይታ (ቁጥሩ ሲያንስ ዕይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል)፣ ከሙሉ ፍሬም ካሜራና ከኤፍ 4 ዙም ጋር ተቀራራቢ ፎቶ ይሰጣል ማለት ነው።

ትልቁ ሴንሰር ጉልበቱን የሚያሳየው ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 1.4 ሌንስ ሲሰካበት ነው። ያን ጊዜ የኪስ ካሜራ ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ ውድ የካሜራ አካልና ርካሽ ሌንስ ይዞ መውጣት በካሜራ ግዢ ውስጥ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በገዳማት ውስጥ ለመጠቀም የትኛው ይሻላል?

በዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ምሳሌ እንውሰድ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ሥዕሎቹ የተሣሉት በመቅደሱ ግድግዳ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው፤ ተመልካቹ የሚቆመው ደግሞ በመቅደሱና በውጭው ግድግዳ መካከል ባለው መተላለፊያ ውስጥ ነው። ወደ ኋላ ለመሸሽ ቦታ የለም። ብርሃኑ የሚገባው በበሮቹ ስለሆነ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሥዕል ደምቆ ይታያል፤ ጥቂት እርምጃ ዞር ሲባል ግን ቀዩና ቢጫው ቀለም እየጠቆረ ይሄዳል። ከውጭ በቡና ተክሉና በጫካው ውስጥ አልፎ የሚመጣው ብርሃን አረንጓዴነት አለው፤ አምፖል ከበራ ደግሞ ቢጫነት ይቀላቀልበታል።

በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ሰፊ ዕይታ፣ በዝግታ ሹተር እጅ ሳይንቀጠቀጥ የማንሣት ችሎታና ቀለሙን በኋላ ማስተካከል የሚያስችል ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር ያስቀመጠው ፎቶ፣ ነው። ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ እጅን የሚያረጋጋ ሲስተም ያለው የኪስ ካሜራ በሰከንድ 1/15 እንኳ ጥርት ያለ ፎቶ ሊሰጥ ይችላል። 28 ሚሊ ሜትር ወይም 24 ሚሊ ሜትር ዕይታ ያለው ኮምፓክት (የኪስ ካሜራ) ለመተላለፊያው ጥበት በልክ የተሠራ ያህል ነው። በአንጻሩ መነኩሴው መጽሐፉን ሲገልጡ ወይም ካህናት በማኅሌት ሲወዛወዙ ለማንሣት የሹተሩ ፍጥነት ከ1/125 በታች መውረድ የለበትም፤ ያን ጊዜ ሙሉ ፍሬም ካሜራና ኤፍ 1.8 ሌንስ የሚተካ ነገር የላቸውም።

ፍላሽ በሁለቱም ካሜራ መጥፋት አለበት። የኪስ ካሜራ በራሱ ጊዜ ፍላሽ የሚተኩስበት አውቶማቲክ አሠራር ስላለው፣ ከመግባትዎ በፊት ፍላሹ ጨርሶ መዘጋቱን ያረጋግጡ። ድምፅም ሊታሰብበት ይገባል፤ የብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች ሹተር በሌንሱ ውስጥ ስላለ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። ሚረርለሱም በኤሌክትሮኒክ ሹተር ፍጹም ዝም ይላል፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ ኤልኢዲ መብራቶች ሥር በፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ሊፈጥር ይችላል። ትልቅ ካሜራ በአንገት አንጠልጥሎ የሚገባ ሰው የአገልጋዮቹን ዓይን ይስባል፤ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ በሁለቱም ካሜራ ግዴታ ቢሆንም፣ ትንሹ ካሜራ ጸሎተኛን አያስጨንቅም። ይህን ጥቅም ከቴክኒኩ ዝርዝር ሁሉ አስበልጦ ማየት ተገቢ ነው። (ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን የማያስገቡ ገዳማት መሆናቸውንም ጉዞ የሚያቅዱ እንግዶች አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው።)

ወፎችንና ጉማሬዎችን በኪስ ካሜራ ማንሣት ይቻላል?

ፔሊካን ይቻላል፤ ንስር ግን አይቻልም ማለት ይቀላል። ፔሊካኖች የዓሣ ትርፍራፊ ስለለመዱ አስጋሪዎች ዓሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ ላይ ቀረብ ብለው ይቆማሉ፤ በዚያ ርቀት 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ያለው እንደ ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7 ያለ ካሜራ የአንገታቸውን ላባ ሳይቀር ያወጣል። ዓሣ አዳኙ ንስር ግን ከዛፍ ጫፍ ተነሥቶ፣ ዓሣውን ከውኃው በጥፍሩ ነጥቆ የሚመለሰው ከጀልባው በ40 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ነው።

ሒሳቡ እነሆ። በ40 ሜትር ርቀት 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ላይ 2.4 ሜትር የሚሰፋ ቦታ ያሳያል፤ የንስሩ ክንፍ ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ፎቶውን ይሞላዋል። በ200 ሚሊ ሜትር ዕይታ የሚታየው ስፋት 7.2 ሜትር ነው። ያንን ቆርጦ ማቅረብ ይቻላል ቢባል፣ ከ20 ሜጋፒክስል ውስጥ የሚቀረው ከ2 ሜጋፒክስል ብዙም አይበልጥም። በ28 ሚሊ ሜትር ካሜራ ደግሞ የሚታየው ከ50 ሜትር በላይ ሐይቅና አንዲት ነጥብ ነው።

ከርቀቱ በተጨማሪ ፍጥነት አለ። በረራ ላይ ያለ ወፍ ወደ 1/2000 ሰከንድ የሚጠጋ ሹተር ይፈልጋል፤ የአዳዲሶቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ፎከስ ደግሞ የወፍን ዓይን ለይቶ ይከተላል። እዚህ ላይ ፕሮፌሽናል ካሜራው የሚጠየቀውን ዋጋ ሁሉ ይገባዋል። ዋጋው ግን የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 658 ግራም፣ የዚያው ኩባንያ ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ሌንስ 2115 ግራም ይመዝናል። በአንድነት 2.8 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። አርኤክስ100 ማርክ 7 ደግሞ 302 ግራም ነው።

ጉማሬን በተመለከተ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ከውኃ በላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ጆሮውና አፍንጫው ነው። ካሜራው አጭር ዙም ስላለው ጀልባውን ወደ እንስሳው ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም፤ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። ረጅም ሌንስ ከሌለ ፎቶው ይቅር።

ሜጋፒክስል መቁጠር ያስፈልጋል?

ብዙም አያስፈልግም። 20 ሜጋፒክስል ያለው የኪስ ካሜራ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጥራት ሲታተም 46 በ31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ይህም ከኤ3 ወረቀት ይበልጣል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ትልቅ ሰሌዳ የሚያሳትም ወይም ፎቶውን አብዝቶ የሚቆርጥ ሰው ነው።

ቀትር ላይ ለሚነሣ የሰው ፎቶስ?

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ከአናት በላይ ይወርዳል። ታንኳ የሚቀዝፈውን አስጋሪ በዚህ ሰዓት ሲያነሱት ግንባሩና አፍንጫው ነጭ ሆኖ፣ ዓይኖቹ በጥላ ውስጥ ይጠፋሉ። መፍትሔው ጥቂት ፍላሽ ጥላው ላይ መጨመር ነው።

የሚገርመው፣ በዚህ ጉዳይ ትንሹ ካሜራ ትልቁን የሚበልጥበት ነገር አለ። በአብዛኞቹ ሙሉ ፍሬም ካሜራዎች ፍላሽ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ሹተሩ እስከ 1/250 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲፈጥን ልዩ ፍላሽ ይፈለጋል፣ ኃይሉም በእጅጉ ይቀንሳል። ሹተሩ በሌንሱ ውስጥ የሆነ የኪስ ካሜራ ግን ከዚያ በጣም በፈጠነ ሹተር ከፍላሽ ጋር ይሠራል። በዚህም የተነሣ በአርኤክስ100 ላይ ብቅ የምትለው ትንሽ ፍላሽ እንኳ፣ ሰውየው በሁለት ሜትር ውስጥ እስካለ ድረስ፣ የዓይኑን ጥላ ታነሣለች፤ ሰማዩና የታንኳው የደንገል ነዶም ሳይነጣ ይቀራል።

ውኃ፣ ንፋስና እርጥበት የትኛውን ይጎዳሉ?

ሁለቱንም ይጎዳሉ፣ በተለያየ መንገድ። ፕሮፌሽናል ካሜራዎችና ሌንሶች መጋጠሚያቸው ላይ ርጭትንና አቧራን የሚከላከል ማሸጊያ አላቸው፤ አብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች የላቸውም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሥቶ ማዕበል ጀልባውን ሲመታ፣ የሚረጨው ውኃ በወጣ የኮምፓክት ሌንስ ዙሪያ ሊገባ ይችላል። ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ፣ በሚያነሱበት ቅጽበት ብቻ ማውጣት ይበጃል።

በሌላ በኩል ሚረርለስ ካሜራ ሌንሱ በተነቀለ ቁጥር ሴንሰሩ ለአቧራ ይጋለጣል። በጀልባ ላይ ሌንስ አይቀይሩ፤ ወደ ዘጌ የሚያዘልቀው መንገድ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገውን ሌንስ ከመሳፈርዎ በፊት ይምረጡ። ደግነቱ የገባው አቧራ በንፋስ መንፊያ ሊወጣ ይችላል። በኪስ ካሜራ ውስጥ የገባ አቧራ ግን ካሜራው ካልተፈታ አይወጣም፤ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ አየር ስለሚስብ፣ ካሜራውን ብስኩት ፍርፋሪና ሳንቲም ካለበት ኪስ ውስጥ መክተት ትልቁ ጠላቱ ነው።

በክረምት ወራት ደግሞ የእርጥበት ጉዳይ ይመጣል። ለሳምንታት በጨለማ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው መስታወቱን ከበላው በኋላ ማጽዳት አይመልሰውም። ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጥቂት የሲሊካ ከረጢቶች ጋር ያስቀምጡት፤ ከሁሉ በላይ ግን ካሜራውን ይጠቀሙበት።

ለሠርግ ሥራ የኪስ ካሜራ ይበቃል?

አይበቃም። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ በሐይቁ ዳር ባሉ መናፈሻዎች የሚነሡትን ሙሽሮች ብቻ ብናስብ ኮምፓክት ይችላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ሠርግ አይደገምም። ፕሮፌሽናል ሚረርለሶች ሁለት የካርድ ማስገቢያ ስላላቸው እያንዳንዱ ፎቶ በአንድ ጊዜ በሁለት ካርድ ይቀመጣል፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ የሙሽሮቹ ቀን አይጠፋም። የኪስ ካሜራ አንድ ካርድ ብቻ ይይዛል። ሌላው ባትሪ ነው፦ በአምራቾቹ መለኪያ ሪኮ ጂአር 3 በአንድ ቻርጅ 200 ፎቶ፣ አርኤክስ100 ማርክ 7 260 ፎቶ፣ ኤ7 ማርክ 4 ደግሞ በዓይን መመልከቻው 520 ፎቶ ያነሣል። መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ቀን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በሰው ገንዘብ የሚሠራ ባለሙያ የኪስ ካሜራን መያዝ ያለበት ለራሱ ነው።

ጥሩ ስልክ እያለኝ ኮምፓክት ካሜራ ለምን እገዛለሁ?

ያሰቡት በጣም ትንሽ ሴንሰር ያለው ርካሽ ኮምፓክት ከሆነ አይግዙ፤ ስልክዎ ይበልጠዋል። ልዩነት የሚያመጡት ቢያንስ የአንድ ኢንች ሴንሰር ያላቸው ናቸው፤ እነርሱም እንደ ዓይነታቸው በእውነተኛ የሌንስ ዙም፣ በፍላሽና ምስሉን እንደ ስልክ አብዝቶ ባለማሳመር ይለያሉ። የሰውን ፊት ቆዳ እንደ ሸክላ ያለሰለሰ የስልክ ፎቶ አትሞ ያየ ሰው የምንለውን ይረዳል።

ቪዲዮስ?

ለአጭር ማስታወሻ ሚረርለሱም ሆነ እንደ አርኤክስ100 ማርክ 7 ያለው የኪስ ካሜራ 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ይቀርጻሉ። የጥምቀትን ዝማሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመቅረጽ ግን ትንሹ ካሜራ ይሞቅና ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ድምፁንም በውጭ ማይክሮፎን ለመቅረጽ መሰኪያ መኖሩን ከግዢ በፊት ይመልከቱ። በአንዳንድ ገዳማት ለቪዲዮ የተለየ ክፍያ ይጠየቃል።

ገንዘቤ ውስን ከሆነ ከምን ልጀምር?

በመጀመሪያ ባለፈው ዓመት በስልክዎ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይመልከቱ። አብዛኞቹ ፎቶዎች የሰዎች፣ የገበያና የቤተሰብ ጨዋታ ከሆኑ ጥሩ የኪስ ካሜራ ይግዙ፤ ከእጅዎ ስለማይለይ ከትልቁ ይልቅ ብዙ ፎቶ ያነሡበታል። አብዛኞቹ ከሩቅ የተነሡና የደበዘዙ ወፎች ከሆኑ ወይም በፎቶ እንጀራ ሊበሉ ካሰቡ ወደ ሚረርለስ ይሂዱ፤ ነገር ግን ከበጀቱ ግማሹን ለሌንስ ይተዉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣ አካልና ጥሩ ሌንስ፣ ዛሬ ከወጣ አካልና ከተራ ሌንስ ይበልጣሉ። ሌንሱ ለሚቀጥለው አካልም ያገለግላል።

ያገለገለ ካሜራ ስገዛ ምን ልመልከት?

ሚረርለስ ከሆነ ሌንሱን ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ጥርት ያለ ሰማይ ያንሡ፤ ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ቆሽሿል፣ ሲጸዳ ካልለቀቀ ደግሞ ተጭሯል። በሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት አብርተው ከጀርባ ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው። የኪስ ካሜራ ከሆነ ደጋግመው ያብሩትና ያጥፉት፤ ሌንሱ ሲወጣ የሚንቋቋ ወይም የሚያመነታ ከሆነ ይተዉት፣ ጥገናው ብዙ ጊዜ ከካሜራው ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ባትሪው ያበጠ እንዳይሆን አውጥተው ይዩት። የራስዎን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ሄደው ያነሷቸውን ፎቶዎች በኮምፒውተር ላይ አስፍተው ይመልከቱ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ካሜራዎች፣ በተለይም የሶኒ ምርቶች፣ ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ ስለሌላቸው፣ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሜኑው ውስጥ ገብተው የቋንቋውን ዝርዝር ያረጋግጡ።